መልሰህ ንገረኝ

ልጅ ሳለሁ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደምሴ ከጦርነት ተመልሰው እኛ ቤት ከረሙ። የመድፍ ጥይት ተሸካሚ ሆነው ገብተው፣ መቶ አለቃ ሆነው፣ ስድስት መድፍ ሲያዝዙ ቆይተው የወጡ ሰው ነበሩ። አንድ ጆሯቸውን መድፉ ደፍኖታል። ከእርሻ ገብተን ራት ከበላን በኋላ፣ ምድጃው ላይ ፍም ብቻ ሲቀርና የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን ሲቆጠቁጠው፣ ያኔ እሳቸው ማውራት ይጀምራሉ።

አንድ አመል ነበራቸው። በሬዎቹን ወዴት እንደምነዳ ሲያዝዙኝ እንኳ «መልሰህ ንገረኝ» ይላሉ። «እሺ» ስንል የማይሰሙ መስሎን እየጮህን እንመልስላቸው ነበር።

አንድ ምሽት እህቴ «ጋሼ፣ ጆሮዎ ነው አይደል?» አለቻቸው። አባቴ ተቆጣ። እሳቸው ሳቁ።

«የአንቺን ጩኸትስ የሞተም ይሰማዋል» አሉና ፍሙን ቆሰቆሱ። «ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየሁም ነበር። የምንመታበትን ርቀት በሬዲዮ ተናገርሁ። ተኳሹም እንደ ደንቡ ቁጥሩን መልሶ ነገረኝ። ከሰው አፍ ስሰማው ደነገጥሁ፤ የትናንቱ ርቀት ነበር። ዛሬ እዚያ የገባው የራሳችን ጦር ነው። ‹ቁም!› አልሁ።»

«ተኮሰ?»

«አልተኮሰም።»

ያን ሁሉ ዓመት ተዋግተው፣ ደጋግመው ያወሩልን ስላልተኮሱት ነበር።

ዘንድሮ በበረዶው፣ በሰው አገር ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ልጄ ቤት፣ ሁለቱን ልጆቿን እጠብቅ ነበር። ትንሹን ትኩሳት ያዘውና ሥራ ቦታዋ ደወልሁላት።

«አባባ፣ ሺፍት ላይ ነኝ። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ሽሮፕ፣ መስጫውን እስከ አምስት ቁጥር ሞልተው ይስጡት። ቻው።»

«ቆይ» አልኋት መስጫውን እየሞላሁ። «እስከ አምስት ሞልቼ ለትንሹ እሰጠዋለሁ።»



«ኖ፣ ኖ፣ አባባ! አምስት የትልቁ ነው። ለትንሹ ሁለት ብቻ!»

የሞላሁትን መልሼ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርሁ። እስከ ሁለት ሞልቼ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀውና የወንድሙን መኪና ሊቀማ ተነሣ፤ እኔም ያኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። ብዙ ትምህርት አልተማርሁም። ከጋሼ ደምሴም ወሬ የጦር ሜዳዎቹን ስም ረስቻለሁ፤ የቀረኝ ያ ደንብ ነው።

ልጄ ማታ ስትገባ ነገሩን አላነሣሁባትም። በማግስቱ ግን ካፖርቷን ለብሳ፣ «ለትንሹ ሁለት ብቻ፣ አባባ» አለችና በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ለትንሹ ሁለት ብቻ» አልኋት።

ያኔ ወጣች።