ሁለት ጊዜ የተላከ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ጠፍጣፋ የመስታወት ሚዛን ገዝታ መጣች። ሰው ሲቆምበት ኪሎው ያለ ሽቦ ሞባይሏ ላይ ይወጣል። «እማማ፣ ውጪበት» አለችኝ። «መጀመሪያ ባዶውን አሳዪኝ» ስላት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በረሃቡ ዘመን፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ መጠለያ ሕፃናት እመዝን ነበር። ለዚህ ያበቃኝ አራተኛ ክፍል መድረሴ ነው። ክረምቱ ገብቶ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይነጥቃል፤ ድንኳኑ እርጥብ ብርድ ልብስና የወተት ዱቄት ይሸታል። ሚዛኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ፊቱ ላይ ቀይ ቁጥር ይበራል። ሽቦው ወደ ጎረቤት ድንኳን ይሄዳል። እዚያ ጓደኛዬ አልማዝ ቁልፎች ፊት ተቀምጣለች፤ ከአርማጭሆ ጀምሮ አንድ ነጠላ ለሁለት ለብሰን ነው የመጣነው። አንዱን ቁልፍ ስትጫን ሚዛኑ መዝኖ ቁጥሩን ይይዛል፤ ሌላውን ስትጫን የያዘውን ይልክና ወረቀት ላይ ይታተማል። የገጠመው ፈረንጅ በአስተርጓሚ አስጠንቅቆናል፤ «‹መዝን› ካላላችሁት የቀድሞውን ነው ደግሞ የሚልከው።»

ነርሷ ወረቀቱን አይታ ለዕድሜው ከተወሰነው ኪሎ በታች የሆነውን ልጅ ወተት ድንኳን ታስገባለች። ቦታው ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጁን ከማስቀመጤ በፊት «ሲፍር!» ብዬ እጮኻለሁ፤ ባዶ ነው ማለቴ ነው። እናቶቹ ቀዩን ዜሮ አይተው ያምኑኛል። «የሰው እጅ የለበትም» ብዬ እምልላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ ወንድሜን ይዛ ተሰለፈች። ፋሽጋ በሚባል አገር የሰሊጥ ማሳ ስታርም ከርማ ጡቷ ደርቋል። ቀዩ ቁጥር ስምንት ተኩል አለ፤ አያስገባም። ፊቷን ሳላይ ቀጣዩን ጠራሁ።

ቀትር ላይ ነርሷ የጨረሰችበትን ወረቀት ላመጣ አልማዝ ጋ ስሄድ ከወንድሜ ስም ጎን ስድስት ተኩል ይላል። ከሱ በፊት የተመዘነችውም ልጅ ስድስት ተኩል። ውጭ አንዲት ሴት አጥንቱ የቀረ ልጇን ታቅፋ፣ «ኸላስ፣ ሞልቷል፤ ነገ ነይ» ስትባል ሰማሁ።

«አልማዝ፣ ይህ የማን ቁጥር ነው?»

«የወንድምሽ።»

«የሱ ስምንት ተኩል ነበር! መዝን አላልሽውም፤ የፊተኛዋን ነው የደገምሽው!»

«እና? እናትሽ ትናንት እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ።»

«ለእኔ ሳትነግሩኝ!»

«ለአንቺማ! አገር ሰብስበሽ ታስፈርጂብን ነበር።»

ወደ ወተቱ ድንኳን ሮጥሁ። ወንድሜ በቆርቆሮ ኩባያ ይጠጣል፤ አፉ ዙሪያ ነጭ ሆኗል። «አስወጪው፣ የሌላ ልጅ ቦታ ነው» አልኋት እናቴን።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሚዛንሽ ጡት አለው?»

ለነርሷ ልናገር በሩ ድረስ ሄድሁ። ከኋላዬ ኩባያውን ሲልስ ሰማሁት። አልተናገርሁም። በማግሥቱ «ነገ ነይ» የተባለችውን ሴት ሰልፉ ውስጥ ፈለግኋት፤ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም።

ባለፈው እሑድ ያ ወንድሜ ሊጠይቀኝ መጣና የመስታወቱ ሚዛን ላይ ወጣ። «ዘጠና አራት! እታለም፣ ምን አብልታችሁ ነው ያሳደጋችሁኝ?»

እናቴ ሞታለች፤ አልማዝ የት እንዳለች አላውቅም። ሁለቱንም ይቅር አላልኋቸውም። ውሸታቸውን በእኔ መሐላ ነው የሸፈኑት። በሩ ላይ የቆመችውን ልጅም፣ ራሴን ማለቴ ነው፣ እንደዚያው።

«ወተት» አልሁት። የማን እንደሆነ አልጨመርሁም። ሲወርድ ሚዛኑ ወዲያው ዜሮ ሆነ፤ የልጅ ልጄ ሞባይል ላይ የተላከው ግን እንዳለ ነበር።