የጋሽ ሰይድ ማንጎና የእኔ የይለፍ ቃል

ባለፈው እሑድ ስልኬ ከገዛ ቤቴ ዋይፋይ ተባሮ «የይለፍ ቃል ያስገቡ» እያለ ደጅ አቆመኝ። የቀየረችው ልጄ ናት፤ ጎረቤት ሁሉ እየተጠቀመብን ነው ብላ። «ከመቀየርሽ በፊት ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት። ለዚህች ነገር እንዲህ መቆጣቴ እሷን ገረማት። እኔን ግን አልገረመኝም፤ ቁጣው ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ።

ኮምፒዩተር ወደ ወረዳ መውረድ የጀመረበት ዘመን ነበር። ትምህርቴን እንደጨረስኩ የኔትወርክ ባለሙያ ተብዬ ሸዋ ሮቢት ተመደብኩ። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርዱ መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ ይወልቃል፤ ሮቢት ሲደርሱ ሸሚዙም ይበዛል። እኔ ግን ማሽን ሙቀት አይወድም በሚል ሰበብ ማቀዝቀዣ ካለው ክፍል አልወጣም ነበር። ባለሙያ ነኛ!

በተመደብኩበት ቢሮ አንድ ትልቅ ስክሪን ነበር። ይግባኝ ያለው ገበሬ ዳገቱን ወጥቶ ዳኛ ፊት በመቆም ፈንታ እዚሁ ቁጭ ብሎ በስክሪኑ ይከራከራል። መስመሩን የሚያገናኙት ሁለት ራውተሮች ናቸው፤ አንዱ እኛ ጋ፣ አንዱ ከጣርማ በር ማዶ፣ ዳኛው ባሉበት ፍርድ ቤት። የሚተዋወቁትም በሁለቱም ላይ በተጻፈ አንድ የይለፍ ቃል ነው። ቃሉን ያስገባው ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ስለሆነ እኔ አላውቀውም፤ ማሽኑም ሸፋፍኖ እንጂ በግልጽ አያሳይም።

ከሥልጠና በተመለስኩ ሰሞን ጠንካራ ነው ያልኩትን አዲስ ቃል በእኛ በኩል አስገብቼ አሮጌውን ደመሰስኩት። ማዶ ላለው ባልደረባዬ ለግርማ ወዲያው መደወል ነበረብኝ። ነገር ግን ምስጢር በስልክ አይነገርም ብዬ ተኮፈስኩ፤ ቅዳሜ ሲወርድ በጆሮው ልነግረው አሰብኩ። መስመሩ ምንም ሳይሆን መሥራቱን ሲቀጥል ደግሞ ልቤ ሞላ። ያላስተዋልኩት፣ እነዚህ ማሽኖች ማን ነህ ብለው የሚጠይቁት በር ላይ ብቻ መሆኑን ነው። አንዴ የገባውን እስኪወጣ ድረስ አይጠይቁትም።

በማግስቱ ጧት መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። መስመሩ ግን አልተመለሰም።

የዚያን ቀን ባለጉዳይ ጋሽ ሰይድ ነበሩ፤ ጢማቸው የነጣ፣ ከወንዙ ዳር የመጡ ገበሬ። በእጃቸው በተከሏቸው የማንጎ ዛፎች ምክንያት ከአዋሳኛቸው ጋር ተጣልተዋል። ሰውዬው መሬቱ የኔ ነው፣ ዛፉን ቆርጬ ሽንኩርት እተክልበታለሁ ብሎ ዝቷል። እሳቸው ከዳኛው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም ዛፎቹን እንዳይነካ የእግድ ትእዛዝ።

ወደ ማዶ ደወልኩ። ዘበኛው አነሣ። «ግርማ የለም። ከክፍሉ ሠራተኞች ጋር ቀብር ሄዷል፤ የማሽኑን ክፍል ቁልፍ ይዞታል» አለኝ። ቀብሩ ደግሞ ስልክ በማይደርስበት ገጠር ነው። አሮጌው ቃል ይሆናል ያልኩትን ሁሉ ሞከርኩ፤ አንዱም አልያዘልኝ። ጋሽ ሰይድ ውጭ ቁጭ ብለው በተከፈተው በር ያዩኛል። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ነበርና እኩለ ቀን ላይ ጉዳዩ ለጥቅምት ተቀጠረ።

ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ። «ጋሽ ሰይድ፣ ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም። መክፈቻውን ቀይሬ ለሰው ሳልናገር ቀርቼ ነው። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ከጧት ጀምሮ በዚያ ብርድ ቤት ውስጥ ላብህ ሲንቆረቆር አይቻለሁ። በል ይችን ብላ፤ እህል አልቀመስክም።»

ከፌስታላቸው ማንጎ አውጥተው ሰጡኝ። እምቢ ማለት ሌላ በደል ሆነብኝና በላሁ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። እንዲያ የጣፈጠ ማንጎ በልቼ አላውቅም።

በጥቅምት መስመሩ ሠራ፤ ዳኛው መሬቱን ለጋሽ ሰይድ ፈረዱ። በደስታ ዘልዬ «እንኳን ደስ ያለዎት! እንግዲህ ማንጎውን በሰላም ይለቅማሉ» አልኳቸው።

«ማንጎው እንኳን የለም» አሉ። «ከዚያ ቀጠሮ በኋላ ሰውዬው ቆረጠው። መሬቱ ተገኝቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ችግኝ እፈልጋለሁ።»

ማንጎ እስኪያፈራ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ጢማቸውን ላለማየት መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው ግን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ «መስመሩን ስለከፈትክልኝ አላህ ዕድሜ ይስጥህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ልጄ አዲሱን ቃል ስልኬ ላይ ጻፈችልኝ። «አንዲት ቃል እኮ ናት አባዬ» አለች። ስልኩ ወዲያው ገባ። ዕድሜውም፣ ይኸው፣ ተሰጥቶኛል። ጋሽ ሰይድ ያን ቀን ሰድበውኝ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።