ኔትወርክ እስኪመጣ የጠበቅኩበት ቀን

ደመወዝ በሚወጣበት ቀን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሥራ የሚበዛበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን። ሌሎቻችን የኤቲኤም ካርዳችንን ሰጥተናት ሻያችንን እንጠጣለን። እሷ አሥራ አራት ካርድ በላስቲክ አስራ፣ ከላይኛው አርባ ምንጭ ከሴቻ በባጃጅ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ወርዳ፣ በዚያ ቀን የሚሠራ ማሽን ፈልጋ፣ ተሰልፋ፣ የሁላችንንም አውጥታ ትመለሳለች። መጀመሪያ ላይ የሚስጥር ቁጥራችንን ወረቀት ላይ ትጽፍ ነበር። ቁጥሩ እየተምታታባት ማሽን ሁለት ካርድ ከበላ በኋላ ግን ተመካክረን መፍትሔ አገኘን፤ ሁላችንም ቁጥራችንን አንድ ዓይነት አደረግነው። ቃለ ጉባኤ አልተያዘም እንጂ በሙሉ ድምፅ ነው ያለፈው። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ማለት የሚያበዙት፣ ከጎጃም የመጡት አለቃችን እንኳ ካርዳቸውን ለመስጠት የሚቀድማቸው አልነበረም።

ሰልፍ ላይም ቁጥሩን በእጁ ከልሎ የሚጫን ሰው ቢገኝ ከኋላው ያለው ይቀየመው ነበር። ሌባ አደረግከኝ ማለት ነዋ! እንዲያውም ማሽኑ እምቢ ያለው ሰው ዞር ብሎ «እስቲ አንተ ሞክርልኝ» ይልና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል።

ሚሊኒየሙን ካከበርን በሰባት ስምንት ዓመት ገደማ፣ ስኳር የእናቴን ሁለት ዓይኖች ከውስጥ እየጎዳቸው እንደሆነ ታወቀ። እናቴ ከጫኖ ማሳዋ ማንጎና ሙዝ እያመጣች ሲቀላ ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ብር በዳሰሳ መለየት ስትጀምር ነው የነቃነው። አዲስ አበባ ያዩዋት ሐኪም ሕንድ አገር ቶሎ ውሰዷት አሉን። ወንድሞቼ አዋጡ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አዋጡ፣ የዚያ ዓመት ማንጎ በሙሉ ተሸጠ። ባንኩም የሕክምና ወረቀታችንን አይቶ ዶላሩን በአንድ የጉዞ ካርድ ላይ ሞላልኝ።

ካርዱን ያስረከበችኝ የባንክ ሠራተኛ እንደ ታላቅ እህት ነው የመከረችኝ። ካርዱን ከዓይንህ አታርቀው፤ ቁጥሩን ስትጫን በእጅህ ከልል፤ የባንኩን ስልክ ከካርዱ ለይተህ ሌላ ቦታ ጻፍ፤ ማሽኑ በየትኛው ገንዘብ ልቁጠርልህ ካለህ የአገሩን ገንዘብ ምረጥ፤ ባወጣህ ቁጥር የቀረውን እይ። እኔም የሰንበት ማስታወቂያ እንደሚሰማ ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። የሚስጥር ቁጥር ምረጥ ስትለኝ የትኛውን እንደመረጥኩ አንባቢ ያውቀዋል።

ቤት ስደርስ ካርዱን ለእናቴ ሰጠኋት። አገላብጣ ዳሰሰችው።

«ሁለቱም ዓይኖቼ እዚህ ውስጥ ናቸው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። መልሳ ስትሰጠኝ በሁለት እጇ ነበር።

ሕንድ አገር ቼናይ ከተማ ስንደርስ ለሁለት ቀን ያህል የምክር ልጅ ሆኜ ነበር። ገንዘብ የማወጣው ባንክ ውስጥ ካለ ማሽን ነው። በሩፒ ቁጠርልኝ እላለሁ። ቁጥሩንም በእጄ እከልላለሁ፤ ከልዬ ስጨርስ ግን ከኋላዬ ያለውን ሰው እጅ ነስቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ሰውየው ምን እንደሆንኩ ግራ ገብቶት ያየኛል። የቀኝ ዓይኗን የቀዶ ሕክምና ክፍያም ራሴ ሆስፒታሉ መስኮት ላይ በካርዱ ከፈልኩ። የግራው ከሳምንት በኋላ ነበር።

ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ እንግዳ ተቀባይ ጠጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። እናቴን «አማ» ይላታል፤ በእነሱም ቋንቋ እናት ማለት ነው። እሷም ደስ አላት። ሻይ ያለ ስኳር ያመጣላታል፣ ደረጃ ስትወርድ ክንዷን ይይዛል። ዓይኗ ታሽጎ በተኛችበት እሷን ጥዬ ወደ ማሽን መሄድ ሲያሳስበኝ፣ እኔ ላውጣልህ አለኝ። ካርዱን ሰጠሁት፣ ቁጥሩንም ነገርኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደስም ብሎኝ ነበር፤ በሰው አገር የመዝገብ ቤት ሠራተኛችንን ያገኘሁ መሰለኝ። የጠየቅኩትን ብር ሳይጎድል ከነደረሰኙ አመጣልኝ፤ ደረሰኙን ሳላነብ ኪሴ ከተትኩት። በሌሎቹም ቀናት እንደዚሁ አደረግን። ጉርሻ ስሰጠው እንኳ በስንት ልመና ነው የሚቀበለው።

ከዚያ አንድ ጠዋት መድኃኒት ቤት ካርዱ አልሠራም አለ። ሻጩ ፊቱን ኮስተር አድርጎ መለሰልኝ። እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም። አርባ ምንጭ የኖረ ሰው ካርድ እምቢ ሲል አይደነግጥም፤ ኔትወርክ የለም ማለት ነው፤ ወጣ ብሎ ሻይ ይጠጣና ይመለሳል። ሻዬን ጠጥቼ ተመለስኩ፤ አሁንም እምቢ አለ። ካርዱን ለእንግዳ ተቀባዩ ሰጥቼ ሌላ ማሽን እንዲሞክርልኝ ለመንኩት። ሄዶ መጣና ዛሬ በከተማው ሁሉ ኔትወርክ የለም አለኝ። እንዴት ደስ የሚል፣ የለመድኩት ወሬ! አይዞህ፣ የእኛም አገር እንዲሁ ነው ብዬ ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሙሉውን ኔትወርክ እስኪመጣ ጠበቅኩ።

በማግስቱ ሰውየው ሥራ አልገባም። ኔትወርኩም አልመጣም። ያኔ ነው ለባንኩ የደወልኩት። ያነሳችው ልጅ ካርዱን ለሰው ሰጥተህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «ለማንም» አልኳት። እየዋሸሁ አልነበረም፤ ለእሱ መስጠቴን እንደ መስጠት አልቆጠርኩትም። በየቀኑ የወጣውን ታነብልኝ ጀመር፤ ከእኔ ጎን ለጎን በየጊዜው ሌላ፣ ከእኔ የበለጠ ወጪ አለ። በትክክለኛው ቁጥር የወጣ ስለሆነ ባንኩ ሊመልሰው እንደማይችል ነገረችኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ የማረፊያው ባለቤትም አድራሻውን አላውቅም አለ። በእጄ የቀረው ጥሬ ገንዘብ ለመኝታና ለምግብ ብቻ የሚበቃ ነበር።

ለእናቴ አልነግራትም ብዬ ወሰንኩ። አገራችን ስንገባ ሰበብ አይጠፋም። ግን በዚያው ከሰዓት የቀኝ ዓይኗ ፋሻ ተፈታ፤ መጀመሪያ ያየችው የእኔን ፊት ነው።

«ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

ነገርኳት። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ጥፋቱን የሚያካፍለው ይፈልጋል። ሰው ማመን ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ ወይ አልኳት፤ ገበያ ላይ የገንዘብ ቦርሳሽን የሽፈራው ቅጠል ለምትሸጠው ጎረቤትሽ ጥለሽ ትሄጂ የለም ወይ?

እናቴ ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል።

«እሷ ከጎኔ ስትቀመጥ አርባ ዓመቷ ነው» አለች። «አንተን ስወልድ የያዘችኝ እሷ ናት። ልጇ ሲሞት ሐዘን አብሬያት ተቀምጫለሁ። አንተ ይህን ሰውዬ የምታውቀው ስንት ቀን ነው?»

ስምንት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ዛሬ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም።

ገንዘቡን እንደገና ለማሰባሰብ አንድ ዓመት ያህል ፈጀብን። ስንጨርስ ሐኪሙ የግራው ጊዜ አልፏል አሉ። በቀኟ ብር ትለያለች፣ የበሰለ ማንጎ ትለያለች፣ እኔንም ገና ከሩቅ ትለየኛለች። ገበያ ስንሄድ ግን በግራ በኩል የሚመጣ ባጃጅ አይታያትም፤ ስለዚህ እኔ በግራዋ እሄዳለሁ።