የአልማዝ በር ምን ቀለም ነበር?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከገላን ኮንዶሚኒየም ተነሣሁ። ታክሲው ከመጨናነቁ የተነሣ የማን ጉልበት የማን እንደሆነ ሳንለይ ነው ደምበል የደረስነው። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ፎቶ ነው፤ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ አልማዝ ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን በር ላይ ብሩሽ ይዛ ቆማለች። ፎቶው አርጅቶ፣ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ሁለመናው ቀልቷል።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ደምበል

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ትዕግሥት ፎቶውን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታ ፊልተር በፊልተር ላይ ደራረበችበት። ቅላቱ ለቀቀ፤ የአልማዝ ነጠላ ነጣ። በሩ ግን የሆቴል መዋኛ መሰለ።

«ጋሼ፣ በሩ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?» አለችኝ።

ሃያ ዓመት ገብቼበታለሁ፣ ሰክሬም ጭምር። ቀለሙ ግን በቃ ጠፋኝ። ጠይቄ እመጣለሁ ብያት ወጣሁ።

አምስት ሰዓት፣ ካዛንቺስ

በኦሎምፒያ በኩል በእግሬ አዘገምኩ። ሰፈራችን ፈርሷል፤ ቤታችን የነበረበት ላይ ሣር በቅሏል። መኝታ ቤቴ ነው ብዬ የገመትኩት ቦታ ላይ ስቆም፣ አንድ የአካባቢው ጥበቃ ሣሩን እንዳልረግጥ ነገረኝ። ድሮ እዚህ ሳስነጥስ ሰባት ቤት «ይማርህ» ይለኝ ነበር። ሆን ብዬ አስነጠስኩ። ጥበቃው ፊቱን አዞረ።

ሰባት ሰዓት፣ ኡራኤል

ከጎረቤቶቻችን በአቅራቢያው የቀሩት እትዬ ብርቄ ብቻ ናቸው። ኪራይ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አንተ ቀጣፊ፣ አለህ እንዴ? ከእንግዲህ ቀብር ላይ ብቻ የምንገናኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁ። መንደሩ ለአዲስ ዓመት አዋጥቶ አንድ ጋሎን ቀለም ይገዛ ነበር፤ ጋሎኑ ከበር በር ዞሮ መጨረሻ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። አንድ ዓመት አረንጓዴው አልበቃ ብሎ፣ አልማዝ ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ ሰማያዊ ደባለቀችበት። እትዬ ብርቄ ብድግ ብለው የተቀመጡበትን በርጩማ አሳዩኝ፤ በትራፊው የቀባችላቸው ነው።

«እንዲህ ያለውን ሱቅ አታገኘውም። ፊቷንም በሩንም እኩል ነበር የቀባችው» አሉኝ። በርጩማውን በስልኬ አነሣሁት።

ዘጠኝ ሰዓት፣ እንደገና ደምበል

ትዕግሥት ቀለሙን ከበርጩማው ወስዳ በሩን አለበሰችው። በሩ በራችንን መሰለ። ቀጥላ አልማዝ ጉንጭ ላይ ያለች ነጥብ አገኘች።

«ጋሼ፣ ይህችን ቆሻሻ ላጥፋት?»

«አታጥፊያት። የበሩን ቀለም ስጫት» አልኳት።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቤቴ

ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጉዞው ያስተማረኝ፣ የበርን ቀለም የሚያስታውሰው ባለቤቱ ሳይሆን ጎረቤት መሆኑን ነው። ስለዚህ ወጥቼ የኮንዶሚኒየም በሬን አየሁት። ግራጫ ነው። በፎቁ ላይ ወደፊት የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ እዚህ ጽፌዋለሁ።