አላምጦ ያሳደጋት ልጅ

አዲሱ ገበያ ታክሲ መቆሚያው ጀርባ ጎማ የሚለጥፈው ቶሎሳ፣ ሚስቱ አራስ ቤት ሳለች ስትሞትበት የሰው እጅ አላየም። ልጁን ሃዊን ራሱ አሳደጋት። ጥርስ እስክታበቅል ዳቦውን በአፉ አላምጦ ያጎርሳት ነበር፤ እሱንም እናቱ ያሳደገችው እንዲሁ ነው።

ልጅቷ ስድስት ዓመት ሲሞላት ግራ መንጋጋዋ አበጠ። ክሊኒክ ቢወስዳት ጥርስ ነው ብለው ነቀሉላት። እብጠቱ ግን ባሰበት፤ በሦስተኛው ሳምንት ጉንጯን ወጥሮ ዓይኗን ገፋው። ሆስፒታል ናሙና ተወሰደና ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ተባለ።

ሐኪሟ ዶክተር ራኬብ አስቀምጣ አስረዳችው። ከአሥር ሰው ዘጠኙን የሚይዝ አንድ ቫይረስ አለ፤ አብዛኛውን ሰው ሳይጎዳ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። አልፎ አልፎ ግን የተጠለለበት ሴል መሞት ሲገባው እንዳይሞት ያደርገዋል። በዚያ ላይ ሴሉ ሲባዛ ሌላ ስሕተት ከተፈጠረ፣ መራባቱ ማቆሚያ ያጣል። ይህ በሃዊ ላይ ለምን እንደደረሰ ግን እሷም አታውቅም።

ቶሎሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «በምንድን ነው የሚተላለፈው?»

«በምራቅ» አለችው። ከማንም ሊይዛት ይችል እንደነበር፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነም ነገረችው። ያንን አልሰማም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁን መሳም ተወ። ከአንድ ሳህን መብላታቸውም ቀረ። አልጋዋ ጎን ሲቀመጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። መድኃኒቱ ሲጀመር እብጠቱ ቶሎ ጎደለ፤ እህቱ ጀና እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥታ ተሳለች። እሱ ግን ልጁን ከትንፋሹ ማራቁን አልተወም። ፀጉሯ ያለቀ ሰሞን ሃዊ እጁን ያዝ አድርጋ፣ «አባዬ፣ አስጠላሁህ?» አለችው።

እጄ ቆሻሻ ነው ብሎ አስለቀቃት።

በአራተኛው ወር በሽታው ተመልሶ አንጎሏ ውስጥ ገባ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አረፈች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ቶሎሳ ዶክተር ራኬብን ፈልጎ ሄደ። ለማንም ያልተናገረውን ነገራት፤ አላምጦ ያጎርሳት እንደነበር፣ ካወቀ በኋላም ፈርቶ እንደራቃት። ሐኪሟ አቀርቅራ ሰማችው።

«አቶ ቶሎሳ፣ ቫይረሱ እኮ ከመታመሟ በፊት ነው ደሟ ውስጥ የገባው» አለችው። «ከእርስዎ ይሁን ከሌላ ማንም አያውቅም። እዚህ ተኝታ ሳለች ጉንጯን ቢስሟት ኖሮ በሽታዋን አያባብሰውም ነበር።»

ልታጽናናው ነበር። እሱ ግን በአንድ ጸጸት ገብቶ በሁለት ወጣ።

ዛሬም ጎማ ይለጥፋል። ባለፈው ወር ጀና ሴት ልጅ ተገላገለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ሄዶ፣ ሕፃኗን ልታሳቅፈው ብትዘረጋለት ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከደጃፉ ተመለሰ።