ተጠባባቂ ቁጥር አንድ

እኔ የምጠረጥረው ሰው ብቻ አይደለም፤ እህልም እጠረጥራለሁ። ሩዝ ፎገራ ላይ እንግዳ በነበረ ጊዜ፣ የአምራች ማኅበራቱ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ዘርተው በጆንያ ወደ ወረታ ገበያ ሲያመጡት፣ ቤቴ አላስገባም ብዬ ስንት ዘመን ኖርሁ። «መንግሥት ብሉልኝ ብሎ የሚለምነን እህል ምን ሊያደርገን ነው?» እል ነበር። ዛሬ ልጆቼ ሩዝ በቀረበ ቁጥር ይስቁብኛል። ይሳቁ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። እኔ በደርግ ዘመን ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ያደረስሁ ሴት ነኝ፤ ሰው አምኜ አይደለም ያደረስሁት።

ያን ጊዜ ገበያ ላይ ኑግና ሽንብራ እሸጥ ነበር። ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ባለች ደብር የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማረውና ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ያናድደኝ ነበር። የበኩር ልጃችን ትምህርት ቤት ለመግባት ሲደርስ «ዳዊት ሳይደግም አስኳላ አይገባም» አሉ። ዳዊቱን ደገመ፣ ድቁና ተቀበለ፣ ከዚያ በኋላ ነው አንደኛ ክፍል የገባ። ከሕፃናቱ መካከል ቁጭ ሲል ጉልበቱ አግዳሚው ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ይታጠፍ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ እንግዲህ ጢሙ አቀምቅሟል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ በቁመት አባቱን በልጧል። እናት በልጇ ቁመት ደስ ይላታል አይደል? እኔ ባደገ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና ነበራ። ቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አምጣ ይባላል፤ ኮታ ነው፣ መሙላት አለበት። ተማሪ ከሆነ ይታለፋል። ተማሪም ያልሆነ፣ ሥራም የሌለው፣ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ግን ሥራ ፈት ተብሎ ይታፈሳል። ከሰፈራችን ከሄዱት የተመለሰ አላየሁም። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ለኔ የዕውቀት ነገር አልነበረም። ልጄ ከገባ ይተርፋል፣ ካልገባ ይሄዳል፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ሚኒስትሪን አለፈ ሲባል ዶሮ አረድሁ። ደስታዬ ግን አልሰነበተም። ነሐሴ ላይ የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተቀበላቸውን ልጆች ስም ለጠፈ። ክፍሉ ሞልቷል፤ የተረፉት «ተጠባባቂ» ተብለው ከታች ተጽፈዋል፤ ከተጠባባቂዎቹ የመጀመሪያው የኔ ልጅ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቀስ ብዬ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቁጥር አንድ ነው እኮ!» አለኝ።

«አዎ፣» አልሁት፣ «ደጅ ከቀሩት አንደኛ።»

ቤቴ እስክደርስ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያነበዋል። የትኛው ጎረምሳ ከትምህርት ውጭ እንደሆነ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ወዲያ ማን ይንገረው? ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም።

በማግስቱ አንድ ቅል ቅቤ ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድሁ። ከሸዋ የመጣ፣ ገና ልጅነት ያልጨረሰ ጎልማሳ ነው። «እናቴ፣ ክፍል የለም» አለኝ። «ከገቡት አንድ ልጅ ከቀረ የርስዎ ልጅ ይተካል። ቅቤውን ግን ይዘው ይመለሱ።» አቤት የዚያን ቀን ንዴቴ! በኛ አገር እጅ መንሻ የሚመልስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ የበለጠ የሰጠው አለ። ጻድቅ በዚያ ዘመን ወረታ ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል? ቅቤዬን ታቅፌ መንገዱን ሁሉ ስረግመው ተመለስሁ።

ሌላ ምርጫ አልጠፋም። ደብረ ታቦር የባለቤቴ እህት ነበረች፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ቦታ አለው ብላ ልካብን ነበር። እምቢ ያሉት አባቱ ናቸው።

«ዲያቆን የለኝም» አሉኝ። «እሱ ከሄደ ከኔ ጋር ማን ይቆማል? ቅዳሴ ሊታጎል ነው? አንድ ልጅ ከቀረ ይገባል ተብሏል፤ ትንሽ ታገሺ እንጂ አንቺ ሴት!»

«ታፍሶ ሲሄድስ ማን ይቆምልዎታል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ!» ብያቸው ወጣሁ።

ይህን ስንባባል የሰማ ይመስል የልጁ ክርስትና አባት ከች አለ። ክርስትና አባቱ ደግሞ ማን መሰላችሁ? የቀበሌያችን ሊቀመንበር። አብረን ነው ያደግን፤ ሥልጣን ሲይዝ አገሩ ሁሉ «እርስዎ» አለው፣ እኔ ብቻ «አንተ» እንዳልሁት ቀረሁ። የሱ ልጅና የኔ ልጅ ባንድ ዓመት ተወልደው፣ ዳዊት ባንድ ላይ ደግመው፣ ሚኒስትሪም ባንድ ላይ ወስደዋል። የሱ ልጅ ስሙ ከላይ ነው፣ ገብቷል። ዳዊት ላይ የኔው ይበልጠው ነበር፤ ታዲያ ሚኒስትሪ ላይ ምን ቀምሶ በለጠው? ይህንንም በሆዴ ይዤዋለሁ።

«አበልጄ፣» አለኝ፣ «ደብረ ታቦር ልትሰጂው ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ማን አለህ?»

«ሰው ነዋ! ተይው ይልቅ። ቁጥር አንድ እኮ ነው፤ ትምህርት ሲከፈት አንድ የሚቀር አይጠፋም። እኔ እያለሁ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

እኔ እያለሁ! እናቴ «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ትል ነበር። ይህ ሰውዬ ምን አስለፋው? ልጄ እዚህ ቢቀር እሱ ምን ያገኛል? ደግሞስ የደብረ ታቦሩን ወሬ ከባሌና ከእህታቸው በቀር ማን ያውቀዋል? ጠላ ቀዳሁለት፣ ሳቅሁለት፣ «እሺ» አልሁት። ሆዴ ግን እሺ አላለም።

ነሐሴ ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ዋለ። ጽዋ ማኅበራችን በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። የወሩ ባለተራ ዳቦውንና ጠላውን ያቀርባል፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ባለተራ ጽዋውን ተረክቦ ቤቱ ይወስደዋል። ጽዋው ባረፈበት ቤት ወሩን ሙሉ ተንኮል አይገባም። ባለቤቱ የተጣላውን ይታረቃል፤ በማኅበርተኛው ላይማ ክፉ ቢሠራ ማርያም ራሷ ትጠይቀዋለች እንላለን። ሊቀመንበሩም ማኅበርተኛ ነው። መንግሥት አይወድም ተብሎ በይፋ አይመጣም እንጂ መሸት ሲል በጓሮ ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ ተራው ሲደርስም ጽዋውን በጋቢው ሸፍኖ ይወስዳል። አንድም ጊዜ አጉሎ አያውቅም።

የመስከረም ባለተራ እሱ ነበር። ባለቤቴ ጸሎቱን አድርሰው ጽዋውን አንስተው ሲዘረጉለት እጁን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም።

«አባ፣ እኔን ይለፈኝ» አለ። «ለሚቀጥለው ይስጡት።»

«ምነው ልጄ? ደህና አይደለህም?»

«ደህና ነኝ። ስብሰባ ይበዛብኛል።»

ስብሰባ! መቼ አንሶበት ያውቃል? ፊቱን አየሁት። የሚያየው ጽዋውን አልነበረም፤ ልጄን ነበር። ልጄ ማንቆርቆሪያ ይዞ ጠላ እየቀዳ ነበር፤ ሊቀመንበሩ እሱን አየና ቶሎ ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለው። ይህ ሰው በዚህ ወር የሚሠራውን ያውቀዋል፤ ጽዋው ቤቱ እያለ ሊሠራው አልደፈረም። ማርያምን ፈርቶ ይሁን ወይስ እኔ እንዳይ ብሎ፣ ያን አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። ጽዋውን ሌላ ሰው ተረክቦ በእልልታ ወጣ። እኔም እልል አልሁ።

እንግዶቹ ወጥተው ሲያልቁ ወደ ባለቤቴ ዞርሁ።

«አዩት?»

«አየሁ።»

«አሁንስ ምን ይላሉ?»

መስቀላቸውን በጨርቅ ሲጠቀልሉ፣ ሲፈቱ፣ መልሰው ሲጠቀልሉ ቆዩ። ሰውን ሁሉ መልአክ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ፤ ግን ጽዋ እምቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

«ውሰጂው» አሉኝ። ስለ ዲያቆን ነገር አላነሱም።

ሲነጋ ለመሸኛ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድሁ። ምንም ሳይጠይቀኝ ጽፎ ማኅተሙን መታልኝ። እንዲህ ፈጥኖ መስጠቱንም ጠረጠርሁት፤ ግን ቆሜ ለመጠርጠር ጊዜ አልነበረኝም። ልጄን በጭነት መኪና ላይ ከኑግ ጆንያ መካከል አስቀምጬ የደብረ ታቦርን ዳገት ወጣን። ብርድ ነበር። «እማዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው የምሸሽ?» አለኝ። «አድገህብኝ ነው» አልሁት። ትምህርት ቤቱ መዘገበው። አክስቱ ዘንድ ትቼው ስመለስ እንባዬን ዋጥሁት፤ ያየኝ ሰው ለምን አለቀሰች ብሎ ይጠይቃል ብዬ። ሰፈሬ ስገባ ለጠየቀኝ ሁሉ «ገላው ላይ ሽፍታ ወጥቶበት ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰድጄዋለሁ» አልሁ። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ታናናሾቹ ሳይቀሩ የሚያውቁት ይህንኑ ነበር።

መስከረም እንደ ጠባ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ተጠባባቂ የሆኑ ተማሪዎችና ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ጉዳያችሁ ይታያል፣ አዳራሽ ተሰብሰቡ አለ። ልጆቹ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው ሄዱ። እስክርቢቶ ኪሱ የሰካ ነበረባቸው። ከገቡ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ ከጀርባ መኪና ቆሞ ነበር።

እኔ ገበያ ነበርሁ። የእናቶቹን ጩኸት ስሰማ ሽንብራዬን ጥዬ ብድግ አልሁ። ትንሽ ሮጬ፣ ልጄ እዚያ እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ቆምሁ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የሰው ልጅ እየተጫነ ደስ አለኝ።

የዚያኑ ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሊቀመንበሩ መጣ። ብቻውን ነው፤ ጠመንጃ የያዙት አብዮት ጠባቂዎች አብረውት የሉም። በሩ ላይ ቆምሁ፣ ግባ አላልሁትም።

«አበልጄ፣ ልጁ የት ነው?»

«ወንዛዬ። አሞታል።»

«ወንዛዬ እንደሌለ እኔም አንቺም እናውቃለን።»

«ወንዛዬ ነው አልሁህ!»

ደጃፌ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አለ። ሊቀመንበር ሆኖ መሬት ለመሬት ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

«አንድ ሰው ጎደለብኝ» አለ። «ከአውራጃ የመጡት የቄሱ ልጅ የት አለ፣ ክርስትና ልጅህን ደበቅኸው አሉኝ። መኪናው ሳይሞላ አይወጣም አሉ። ለመንኋቸው። እምቢ አሉ።» አፈሩን በጣቱ ጫረ። «የኔን ሰጠኋቸው። እናቱ ገና አልሰማችም።»

እኔ ከበሩ አልተነቃነቅሁም።

«አሁን ትምህርት ቤቱ ያንድ ልጅ ቦታ ተለቆለታል። ቁጥር አንድ ያንቺ ልጅ ነው። ኮታው ሞልቷል፣ ከእንግዲህ የሚነካው የለም። ይምጣና ይግባ። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

ፊቱ ያለቀሰ ሰው ፊት ነበር። ግን እንባ መቼ ቸግሮ ያውቃል? ልጁን አውጣ ተብሎ የተላከ ቢሆንስ? መኪናው ገና አልሄደም። የትኛው አባት ነው በገዛ እጁ ልጁን ጭኖ፣ የሌላውን ልጅ እንኳን ቦታ አገኘህ ሊል ደጅ ለደጅ የሚዞር? ይህን የሚያምን ሞኝ ነው።

«ልጄ ወንዛዬ ነው» አልሁት። «ገላው ገና አልዳነም።»

ተነሣ። ጋቢውን አራገፈ፣ እኔን ግን አላየኝም።

«እግዜር ያሽርልሽ» ብሎኝ ሄደ።

ያመንሁት በማግስቱ ማለዳ ነው፤ የሚስቱን ጩኸት ስሰማ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድሁ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ እንደ ሞተ አድርገው ያለቅሱታል። ከጎኗ ተቀመጥሁና አብሬያት አለቀስሁ። የውሸት ልቅሶ አልነበረም፤ ያ ልጅ ከልጄ ጋር ካንድ ገበታ እየበላ ነው ያደገ። ስታለቅስ ቆይታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና እጄን ያዘችኝ።

«ያንቺስ ልጅ?» አለችኝ። «ፍል ውሃው ተስማማው?»

ዙሪያዬን ቃኘሁ። ሰው ብዙ ነው።

«ገና ነው» አልኋት።