ከአረንጓዴው አጥር ሥር

ለፊርማ ፖሊስ ጣቢያ በሄድኩበት ጠዋት ወደ ቤቴ አልመለሱኝም። የጥገኝነት ጥያቄዬ ውድቅ ከሆነ ወዲህ በየሳምንቱ እየሄድኩ እፈርም ነበር። የዚያን ቀን ግን ፖሊሱ እስክሪብቶውን አላቀበለኝም፤ «ተቀመጪ» አለኝ። ስዊድኖች አንቱታ የላቸውም፤ በዚያ አልተቀየምኩም። ሀገሬ በፖለቲካ ታስሬ ስለማውቅ፣ ቦርሳዬን ሳይወስዱት መነጽሬን አስቀድሜ አወጣሁ።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ናቸው። የወሰዱኝ በግድ ወደ ሀገራቸው የሚመለሱ ሰዎች ወደሚቆዩበት ቤት ነው፤ ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ሁለት አልጋ፣ የማይከፈት መስኮት፣ የሳሙና ሽታ። ከቀድሞው እስር ቤቴ ጋር አይወዳደርም። በሩ የሚቆለፈው ግን እንደዚያው ከውጭ ነው።

አንደኛው አልጋ ላይ አንዲት የሀገሬ ልጅ ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል።

«እትዬ፣ እንኳን መጡልኝ» አለችና ወዲያው አፈረች። «ማለቴ፣ ባይመጡ ይሻል ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢ ያወጡናል። ግቢው በአዲስ የእንጨት አጥር ተከቧል፤ ጣውላው ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ዝናብ ሲነካው የመሬቱ ሽታ ይነሳል። ልጅቷ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ስትል ጫማዋን የምታስር መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳይ አፈር እየቆነጠረች አፏ ውስጥ ትጨምራለች። የተረፋትን በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው።

አልፌያት ሄድኩ። ነፍሰ ጡር ያማራትን መከልከል እኛ ዘንድ ነውር ነው። እናቴም እኔን ስታረግዝ የግድግዳ ጭቃ ትልስ ነበር ይባላል።

ከጠባቂዎቹ አንዷ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ቀልደኛ ሴት ናት። ለወሬ ያህል ጣውላው ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እንዳይበሰብስ መድኃኒት ጠጥቶ ነው። አርሴኒክ አለበት» አለችኝ። «ባሌ የበጋ ቤታችንን በረንዳ በዚሁ እንጨት ሠራው። አሁን ልጆቹ ከሥሩ እንዳይጫወቱ እከለክላለሁ። ቁርጥራጩን ምድጃ ውስጥ ሊያነደው ሲል ደግሞ እሱን ራሱን ከቤት ላባርረው ነበር። ጢሱም አመዱም መርዝ ነው።»

«አፈሩስ?»

«ዝናቡ ከእንጨቱ አጥቦ ያወርድበታል። ምነው፣ ድንች ልትተክዪ ነው?»

አርሴኒክን ከትምህርት ቤት የማውቀው የአይጥ መርዝ ተብሎ ነው። ፈገግ ብዬ ገባሁ።

በሀገሬ እስር ቤት ብዙ ተጠይቄ በሰው ላይ አልተናገርኩም። ከዚያ ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። አሁን ለጠባቂዋ አንድ ቃል ብተነፍስ ልጅቷን ያስቆሟታል፤ እኔ ግን በሰው ላይ ተናጋሪ እሆናለሁ። ብተወው ደግሞ የሚጎዳው ገና ያልተወለደ ነው።

ክፍላችን ውስጥ ለራሷ ነገርኳት።

«እትዬ፣ አፈር መርዝ ሆኖ ያውቃል?»

«ይሄኛው ሆኗል። እዚህ ለምትመጣው ሐኪም መንገር አለብሽ።»

«እብድ ናት ብለው ልጄን ይወስዱብኛል። እዚህ ሀገር ልጅ ይወስዳሉ።»

«እኔ አልናገርብሽም። ራስሽ ትናገሪያለሽ፤ እኔ እተረጉምልሻለሁ።»

«ፖለቲከኛ ነበርኩ ሲሉኝ ካድሬ መሆንዎን አልነገሩኝም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።



በማግስቱ ግቢ ስንወጣ ቀድሜያት ሄጄ አጥሩ ሥር፣ እሷ ቦታ ላይ ቆምኩ። ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ቀጭንና ቀዝቃዛ። ወደ ሌላኛው ጥግ ስትሄድ እኔም ሄድኩ።

«እትዬ፣ እርስዎም ዘብ ተቀጠሩ?»

«አዎ። ካፖርት ግን አልሰጡኝም።»

ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። ጫማዬ ውሃ አስገብቷል። ሌሎቹ ገብተው እኛ ቀረን።

«ይግቡ፣ ይበርድዎታል።»

«አንቺ ስትገቢ።»

ብዙ ቆየች። ከዚያ መጥታ ክንዴን ያዘች። «እንግዲያው ሐኪሟ ዘንድ አጠገቤ ይቀመጡ» አለችኝ።

ሐኪሟ ፊት ሻሿን ፈታ ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ከአረንጓዴው አጥር ሥር አፈር እበላለሁ። እብድ አይደለሁም፤ አምሮኝ ነው።»

እንዳለችው ተረጎምኩት። ሐኪሟ አልሳቀችም። እንዲህ የሚያደርጋቸው እርጉዞች ብዙ እንደሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ ደም ማነስ እንደሚሆን ነገረችን። አርሴኒክ በአንዳንድ አገር በጉድጓድ ውሃ፣ በጥቂቱም በሩዝ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ጉዳቱ በአንድ ቀን ሳይሆን በዓመታት ቆዳ ላይና በውስጥ አካል ላይ እንደሚወጣ፣ ለፅንስም እንደማይበጅ አስረዳችን። ሽንቷን ለምርመራ ላከች፤ የአይረን ኪኒን ሰጠቻት። ልጅ ስለመውሰድ ምንም አላነሳችም። ውጤቱ ሲመጣ አርሴኒኩ ከሚገባው ከፍ ያለ ነበር።

«በጊዜ ደርሰሻል» አለቻት። «ካቆምሽ ከሰውነትሽ ይወጣል።»

ቋጠሮውን ባሳየችበት ዕለት ሐኪሟ ሻሹን ከነአፈሩ ልትጥለው ስትል ልጅቷ እጇን ዘረጋች። አፈሩን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ራሷ አራገፈች። ሻሹን ቧንቧው ሥር ደጋግማ አጥባ ጨመቀችው፤ እርጥቡን ራሷ ላይ አሠረች። ጠባቂዋ በሩን ስትከፍትልን ቀና ብላ ከፊቴ ወጣች።

ኋላ ጉዳያችን እንደገና ታይቶ ሁለታችንም የመኖሪያ ፈቃድ አገኘን። በስቶክሆልም ዳርቻ እሷ ቬሊንግቢ ትኖራለች፣ እኔ ሁዲንጌ። ሴት ልጅ በደህና ወለደች። የተወለደችው ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፣ እንግባባለን። ባለፈው ቤታቸው ሄጄ ሩዝ ስትቀቅል አየኋት። በብዙ ውሃ አፍልታ ውሃውን ደፋችው። ለምን እንደምትደፋው ጠየቅኋት።

አርሴኒኩ እንዲቀንስ ነው አለችኝ። ያስተማረቻት እናቷ ናት።

እናቲቱ ወደ እኔ ዞር አላለችም፤ ሰላጣዋን መክተፍ ቀጠለች። የአፈሩን ነገር ለልጇ ትንገራት አትንገራት አላውቅም። እኔ አልተናገርኩም። እዚህም ስም ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው።